«ቀኑ አለፈ» ብቻ አይበቃም
የውዝፍ ዕዳና የመክፈል ግዴታ በኢትዮጵያ ሕግ፦ ዳሰሳ

ብድር በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ በእምነት ይሰጣል፣ በይሉኝታ ይዘገያል፣ በመጨረሻ በክስ ይፈለጋል። የመክፈያው ቀን ካለፈበት ዕለት አንስቶ አንዱ ወገን ፍርድ ቤት እስኪሄድ ያሉትን ወራትና ዓመታት ብዙ ሰው እንደ ባዶ ጊዜ ያያቸዋል። «ሰጥቼዋለሁ፣ አልመለሰልኝም፣ መብቴ የትም አይሄድም» ይላል። ሕጉ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወለድ መቁጠር ይጀምራል ወይም አይጀምርም፤ ይርጋ ይሮጣል፤ ማስረጃ ይጠነክራል ወይም ይጠፋል፤ የቤት ካርታ በመያዣነት የያዘ ባንክ የሐራጅ ማስታወቂያ ያወጣል። ይህ ዳሰሳ ያንን መሀል ላይ ያለ ጊዜ የሚመለከት ነው። የዕዳ ሕጋችን በጊዜው የተናገረንና የተናገረውን በጽሑፍ ያኖረን ሰው ይጠቅማል፤ ዝም ያለን ደግሞ አበዳሪም ይሁን ተበዳሪ ይጎዳል። ችግሩ አብዛኞቻችን ስለ ገንዘብ መናገርን እንደ ነውር መቁጠራችን ነው።

የጉዳዩ መሠረት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ስለ ውል አፈጻጸም፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትናና ስለ ይርጋ የተጻፉት ድንጋጌዎች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። በላዩ ላይ ሌሎች ሕጎች ተደርበዋል፦ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት እንዲሸጡ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013። ስለዚህ «ውዝፍ ዕዳ» በሁሉም ቦታ አንድ ትርጉም የለውም። ፍርድ ቤት፣ ባንክ፣ ፖሊስ ጣቢያና የሥራ ክርክር ችሎት ያንኑ ያልተከፈለ ብር በየራሳቸው ዓይን ያዩታል።

ከመነሻው እንጀምር። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1756 እንደሚለው ግዴታ የሚፈጸመው በውሉ በተወሰነው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ካልተወሰነ ባለገንዘቡ በጠየቀ ጊዜ መፈጸም አለበት። ለገንዘብ ብድር ሕጉ ትንሽ ይራራል፤ ቀን ካልተቆረጠ ተበዳሪው ከተጠየቀ በኋላ የአንድ ወር ፋታ አለው። እዚህ ድረስ ማንም አይደናገርም። የሚያደናግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ቁጥር 1772 አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ መከራከር የሚችለው አስቀድሞ ሌላው ወገን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ከሰጠው ብቻ ነው ይላል። ቀኑ የደረሰ ዕዳና በሕግ ዓይን የዘገየ ባለዕዳ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ቀኑ ሲደርስ ዕዳው ተጠያቂ ይሆናል፤ ባለዕዳው ጥፋተኛ የሚሆነው ግን ሲጠየቅ ነው። ማስጠንቀቂያውም ቀኑ ሳይደርስ አስቀድሞ ሊሰጥ አይችልም።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች በቁጥር 1775 ተዘርዝረዋል። ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ውሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ጊዜው ካለፈ፣ ወይም ቀኑ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየ እንዲቆጠር ተዋዋዮቹ ከተስማሙ አያስፈልግም። አንዳንዶች «ቀን ተቆርጧል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል?» ሲሉ ይሰማል። የተቆረጠ ቀን ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ግን ሕጉ የመጨረሻውን ስምምነት ለይቶ መጥቀስ ባላስፈለገው ነበር። የለሰለሰ ቢመስልም ይህ አቋም ትክክል ነው እላለሁ፤ ባለገንዘቡ ዝም ሲል ባለዕዳው «ታግሶኛል» ብሎ ማሰቡ በእኛ ኑሮ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለምና።

ልዩነቱ በብር ሲሰላ እንዲህ ይመጣል። አንድ ሰው ለባልንጀራው ያለ ወለድ 100,000 ብር ያበድራል። ወረቀቱ በእነዚህ ዓመታት በየሰፈሩ እንደሚጻፈው ነው፦ ስም፣ የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል፣ «እስከ መስከረም 30 እመልሳለሁ» የሚል መስመር፣ ሁለት ምስክሮች፣ ፊርማ። መስከረም 30 ያልፋል። አበዳሪው በዓሉ ይለፍ፣ ለቅሶ ላይ ነው፣ ልጁ ታሞበታል እያለ ቆይቶ ጥር 30 ደብዳቤ ይጽፋል። በቁጥር 1803 መሠረት የዘገየ ባለዕዳ የሚከፍለው ሕጋዊ ወለድ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያ ከተሰጠበት ቀን ነው፤ መጠኑም በቁጥር 1751 በዓመት 9 በመቶ ነው። በአራቱ የዝምታ ወራት ያልተቆጠረው ወለድ 3,000 ብር ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «ቀኑ ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየሁ ይቆጠራል» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ያ ገንዘብ የአበዳሪው ነበር። ይህን ወለድ ለማግኘት ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የመዘግየቱ ነገር ራሱ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያው ምን ዓይነት መሆን አለበት? ሕጉ የተለየ ቅጽ አላዘዘም። በጽሑፍ መጠየቅ ወይም ባለገንዘቡ ዕዳው እንዲከፈለው መፈለጉን የሚገልጽ ሌላ ማናቸውም ድርጊት ይበቃል። ዋናው ጥያቄ በኋላ በምን ይረጋገጣል የሚለው ነው። ደርሶታል የሚል ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ የተላከ ደብዳቤ የታወቀው መንገድ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለተሰጠ፣ በስልክ የተላከ አጭር መልእክትም ባዶ ወረቀት አይደለም። በካፌ ጠረጴዛ ላይ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ማንሳት ግን ለመዝገብ አይሆንም።

ስለ ወለድ ከተነሣ አይቀር፣ የብድር ወለድን የሚገዛው ቁጥር 2479 ነው። በግለሰቦች መካከል በዓመት ከ12 በመቶ በላይ መዋዋል አይቻልም፤ 12ም ሆነ ከዚያ በታች የተስማሙበት ወለድ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ካልሰፈረ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። ወለድ የሚባል ጨርሶ ካልተነሣ ብድሩ እስከ መክፈያው ቀን ወለድ የለውም። ሰው ችግር ላይ መውደቁን አይቶ ከ12 በመቶ በላይ የሚያስከፍል ሰው ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይዞራል፤ አራጣ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 712 ያስቀጣል። በተግባር የአራጣ ወለድ ወረቀት ላይ በግልጽ አይጻፍም። 60,000 ብር የተቀበለ ሰው 100,000 ተበድሬአለሁ ብሎ እንዲፈርም ይደረጋል። ፈርሞ የወጣ ሰው በኋላ ገንዘቡ ይህን ያህል አልነበረም ቢል ማስረዳቱ እጅግ ይከብደዋል።

በሌላ በኩል የ9 በመቶው ነገር ራሱ መፈተሽ ያለበት ነው። ቁጥሩ የተጻፈው በ1952 ነው። በ2014 ዓ.ም የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ በዶላር አንጻር ከግማሽ ያላነሰ ዋጋውን አጣ። ሕጉ ዕዳን የሚለካው በብሩ ቁጥር እንጂ በሚገዛው ጤፍ ልክ አይደለም። ባለዕዳውም የኑሮ ውድነትን ምክንያት አድርጎ ውሉ ይሻሻልልኝ ማለት አይችልም፤ ቁጥር 1764 ግዴታው ስለከበደ ብቻ ዳኛ ውልን እንዲለውጥ አይፈቅድም። ደንቡ ለሁለቱም እኩል ይመስላል፤ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ግን በፍርድ ቤት ሦስት ዓመት መከራከር ለሚዘገየው ሰው ትርፍ ይሆንለታል። የተከሰሰ ነጋዴ በ9 በመቶ ወለድ የሰው ገንዘብ እያዞረ መቆየቱ ከባንክ ብድር የሚረክስለት ከሆነ፣ ሕጉ ራሱ መዘግየትን እያበረታታ ነው። ሕጋዊው ወለድ በየጊዜው ከባንክ ማበደሪያ ተመን ጋር እየታየ የሚሻሻልበት መንገድ ቢበጅ ከየትኛውም የፍርድ ቤት ማሻሻያ ይልቅ ክርክር ያሳጥራል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ማስረጃ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ቁጥር 2472 እንደሚለው የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። 500 ብር ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ማናቸውም ቁም ነገር ያለው ብድር በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጎንም አለው፤ መክፈልም የሚረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነው። በምስክር ፊት ቆጥሮ የከፈለ፣ ግን ደረሰኝ ያልተቀበለና የብድር ወረቀቱንም ያላስመለሰ ሰው ሁለተኛ ይከፍል ይሆናል። ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር የላከ አበዳሪም ሙሉ በሙሉ አልተጠበቀም። የዝውውሩ ማስረጃ ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄዱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደሄደ አያሳይም። ተቀባዩ «ስጦታ ነው»፣ «የቆየ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ወይም «የእቃ ዋጋ ነው» ሊል ይችላል። ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ አገሮች ለዘመድ ቤት መሥሪያ ገንዘብ የሚልኩ ወገኖቻችን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በዚህ ነው፤ እጃቸው ላይ የመላኪያ ወረቀቶች ተደራርበው «ብድር» የሚል ቃል ግን አንዱም ላይ የለም።

ከዚያ ይርጋ አለ። በቁጥር 1845 ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር ከውል የሚመነጭ ክስ በ10 ዓመት ይታገዳል፤ ቆጠራው የሚጀምረው ዕዳው ሊጠየቅ ከሚችልበት ቀን ነው። ዳኛው ይርጋን ከራሱ አንሥቶ ክሱን አይዘጋም፤ ተከሳሹ ራሱ መቃወሚያ አድርጎ ማቅረብ አለበት። ማስጠንቀቂያ መጻፍም ይርጋን አያቋርጥም። ቁጥር 1851 እንደሚያስቀምጠው የሚያቋርጠው ክስ መመሥረት፣ ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ነው፤ ወለድ መክፈል፣ ከዋናው ላይ ጥቂት መክፈል፣ መያዣ ወይም ዋስ ማቅረብ እንደ ማመን ይቆጠራሉ። ሲቋረጥ አሥሩ ዓመት እንደ አዲስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሽምግልናን ማንሣት ግድ ነው። በእኛ ዘንድ የዘገየ ዕዳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ሽምግልናው ግን በራሱ የይርጋን ሰዓት አያቆምም። ለዓመታት የሚያመላልሱ፣ «ዘንድሮ አዝመራው ይግባ»፣ «ቤቱ ይሸጥ» እየተባለ የሚራዘሙ ሽምግልናዎች የባለገንዘቡን መብት በፀጥታ ይበሉታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡ ቁጥር የስብሰባውን ውጤት በአንድ ገጽ መጻፍ፣ ዕዳው ይህን ያህል መሆኑን ባለዕዳው አምኖ እንዲፈርምበት ማድረግ። ያ ገጽ የዕዳ ማመኛ ሆኖ አሥር ዓመት ይቀጥላል። ሽማግሌዎች ይህን ማድረግ ክፉ ማሰብ አይምሰላቸው።

ሁሉም ዕዳ ግን አሥር ዓመት የለውም። በቁጥር 2024 የተዘረዘሩ አንዳንድ ዕዳዎች ሁለት ዓመት ካለፋቸው እንደተከፈሉ ይገመታሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሠራተኛው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አሠሪው ለሲሚንቶ ሻጩ ያለበት ዕዳ አሥር ዓመት ሲኖር፣ ሲሚንቶውን ላቦካው ሠራተኛ ያለበት ዕዳ በስድስት ወር ይሞታል። ሠራተኛ ደግሞ ሥራው ላይ እያለ አሠሪውን ለመክሰስ ከማንም ይልቅ ይፈራል። ክርክሩ በቶሎ ይለቅ የሚለው ምክንያት ይገባኛል፤ ቢያንስ ሥራው እስኪቋረጥ ድረስ ቆጠራው ባይጀምር ግን ማንም አይጎዳም ነበር። ለሠራተኛው የሚያደላው ድንጋጌ ሌላ ነው፦ ሥራው ሲቋረጥ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊፈረድበት ይችላል።

ውዝፍ ዕዳ ዋስን ሲያገኝ «ዕዳ ከሜዳ» የሚባለው ይደርሳል። እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ የተጠራውም ጎረቤት «እምቢ» ማለት አሳፍሮት ይፈርማል። ሕጉ ዋስትና በግልጽ እንዲሰጥና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን እንዲጻፍ ያዛል፤ መጠኑ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። ከዚያ የሚታየው ዋስትናው ነጠላ ነው ወይስ የአንድነት የሚለው ነው። ነጠላ ዋስ ባለገንዘቡ መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት እንዲጠይቅ ሊል ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን የተለመደ ሐረግ ፈርሞ የወጣ ሰው ግን ቀኑ እንዳለፈ ባለዕዳው ጨርሶ ሳይነካ እሱ ብቻውን ሊከሰስ ይችላል። ሐረጉ በታተሙ ቅጾች ላይ በትናንሽ ፊደል ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው የሚያነበው መጥሪያ ሲደርሰው ነው።

ባንክ ዘንድ መዘግየት በቀን ይቆጠራል። በብሔራዊ ባንክ የብድር ምደባ ሥርዓት ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ብድር ይባላል፤ እስከ 180 ቀን አንድ ደረጃ፣ እስከ 360 ቀን አጠራጣሪ፣ ከዚያ በላይ ኪሳራ ተብሎ ይመደባል። ይህ የባንኩ የሒሳብ ጥንቃቄ እንጂ ለተበዳሪው ምሕረት አይደለም፤ «ኪሳራ» ተብሎ የተመዘገበ ብድር በሕግ ሙሉ ዕዳ ነው። የባንኩ እውነተኛ ጉልበት ያለው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አበዳሪ መያዣውን በራሱ ፈቃድ እንዳይወስድና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አዋጁ ግን ባንኮችን ከዚህ ነጻ አወጣቸው። ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይረግጥ፣ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ተበዳሪዎች ብዙ ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት የሚሮጡት የሐራጁ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ክርክሩ የሚጠበው ሐራጁ በሥርዓቱ ተካሂዷል ወይ ወደሚለው ነው። ባንኩን የብድር ማራዘሚያ መጠየቂያው ትክክለኛ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍያ ሳያልፍ በፊት ነው።

ወደ እስር ጥያቄ ስንመጣ ታሪካችን ከባድ ነው። በጥንቱ የቁራኛ ልማድ ባለገንዘብና ባለዕዳ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይደነግጋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል። ያጣ ሰው በማጣቱ አይታሰርም። እያለው ፍርድ አልፈጽምም የሚል የፍርድ ባለዕዳ ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል፤ ታስሮ መውጣቱም ዕዳውን አይሰርዝለትም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ገንዘቤን ከልክሎኛል» ማለት፣ ማታለል ወይም እምነት ማጉደል ከሌለበት በቀር፣ ፍትሐ ብሔሩን ወንጀል አያደርገውም።

ቼክ የተለየ ነው። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 በሒሳብ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ነጋዴው መርካቶ ላይ እቃ በዱቤ ሲወስድ «ለዋስትና» ብሎ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። ሁለቱም የሚያስቡት ቼኩ በቀኑ እንደሚቀርብ ነው። በሕጉ ግን ቼክ በታየ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ከተጻፈበት ቀን በፊት ቢቀርብም ይከፈላል። ስለዚህ ለንግድ ዕዳ ማስያዣ የተሰጠ ወረቀት በአንድ ማለዳ የወንጀል መዝገብ ይከፍታል። ያልታሰበ የገበያ መቀዛቀዝ ያጋጠመው ሰው ከአታላይ ጋር በአንድ አንቀጽ ሥር መቆሙ ትክክል አይመስለኝም፤ ሻጩ ግን ወደ ቼክ የሸሸው የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ስለሚረዝምበት ነው።

ያ መንገድ ሁልጊዜ መርዘም አልነበረበትም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 284 ጀምሮ በጽሑፍ ለተረጋገጠና ልኩ ለታወቀ የገንዘብ ዕዳ አጭር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቷል፤ ተከሳሹ ለመከራከር በመሐላ አስደግፎ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱ ካላሳመነ ወዲያው ይፈረድበታል። ከተፈረደ በኋላ አፈጻጸሙ በአሥር ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። አፈጻጸምም ልክ አለው። የባለዕዳው አልባሳትና መኝታ፣ የሙያ መሣሪያው፣ ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚሆን ቀለብ፣ ከደመወዙም ሁለት ሦስተኛው አይያዝም።

ባለዕዳም ሊናገር ይችላል፤ ሕጉ ሰሚ ሰጥቶታል። ችግሩን በማስረጃ ካሳየ ዳኛው እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ነጋዴ ከሆነ አዲሱ የንግድ ሕግ ሙሉ በሙሉ ሳይከስር ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን እንደገና የሚያደራጅበት ሥርዓት አለው። ከፊል ክፍያ ሲያቀርብ ባለገንዘቡ ሙሉው ዕዳ የደረሰ ከሆነ አልቀበልም ማለት ይችላል፤ ከተቀበለም ገንዘቡ መጀመሪያ ለወጪና ለወለድ ይታሰባል እንጂ ዋናውን አይቀንስም፤ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ለምን እንደተከፈለ አስማምቶ ማስጻፍ ይበጃል። ገንዘቡን ይዞ ሄዶ «አልቀበልም» የተባለስ? የመያዣ ቤቱን የተመኘ አበዳሪ ክፍያ ሲቀርብለት ስልክ የማያነሣበት ጊዜ አለ። ያኔ ባለዕዳው ገንዘቡን በምስክር ወይም በደብዳቤ አቅርቦ፣ ካልተቀበለው ፍርድ ቤት አስፈቅዶ ማስቀመጥ ይችላል፤ በሥርዓቱ ካስቀመጠ በኋላ የዘገየው እሱ መሆኑ ቀርቶ ባለገንዘቡ ይሆናል።